ዳክዬዎቹ እስኪሸነፉ ዝም በሉ

ከወንድሜ ከካዝ ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፈን ኖርን። ኩርፊያችን የዋዛ አልነበረም። ፖርት ሃሎወይ ከዳር እስከ ዳር በእግር አርባ ደቂቃ አትፈጅም፤ በዚህች ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን፣ እሱ በግራ እኔ በቀኝ እየተቀመጥን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ "እንደምን አደርክ" ሳንባባል ቀረን። ሱቅ ውስጥ ድንገት ፊት ለፊት ከተገጣጠምን እያንዳንዳችን የሾርባ ጣሳ አንስተን ጽሑፉን የምናነብ እንመስላለን። እኔ በዚህ ምክንያት ስለ ቲማቲም ሾርባ የማላውቀው ነገር የለም።

ታድ ዶምብሮስኪ እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ካዝ በአራት ዓመት ያንሰኛል፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር። እናታችን ሁለታችንንም "ግትር" ትለን ነበር፤ እኔን ግን የበለጠ፣ ይህን አልክድም።

የጸባችን መነሻ አንድ ደብተር ነው። አባታችን ዳክዬዎቹ የሚባለውን የከተማችንን የቤዝቦል ቡድን ጨዋታ አርባ ዓመት ሙሉ በእርሳስ መዝግቧል። ሌላው ሰው ቤዝቦል ያያል፣ ይጮኻል፣ ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባባ ግን እያንዳንዱን ኳስ ይጽፋል። ሜዳ ላይ ለሚቆም ሰው ሁሉ ቁጥር አለው፤ ወርዋሪው አንድ፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ የሚለው ተቀባይ ሁለት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በቀኝ በኩል አጥሩ ሥር እስከሚቆመው ዘጠኝ ድረስ። ኳሱ ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ በቁጥር ብቻ ይጻፋል። "ስድስት፣ አራት፣ ሦስት" ከተባለ በአንድ ምት ሁለት ሰው ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው፤ በዓለም ላይ ከዚህ የሚያምር ነገር የለም ይል ነበር አባባ። እኔና ካዝ ማባዛት ሳንማር ይህን ተማርን። የአባባ አጻጻፍ የታወቀ ስለነበር የሬዲዮው አስተላላፊ ሳይቀር ሲጠራጠር ወርዶ ደብተሩን ያይ ነበር።

አባባ ሲሞት እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ደብተር። ቤት፣ መኪና፣ ዕቃ አልጠየቅሁም። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ካዝ ደብተሩን አንስቶ፣ ማንንም ሳያማክር፣ አባባ ደረት ላይ አስቀምጦ ሣጥኑን አስዘጋው። እኔ የሰማሁት ከቀብር በኋላ ምሳ ላይ ነው። ደሜ ፈላ። ፒሮጊ የሚባለው ድንች የተሞላ ሊጥ አፌን እንደ ሞላው፣ በዘመድ አዝማድ ፊት፣ "ሌባ" አልኩት። ሌላም ነገር ጨመርኩ፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። ካዝ ሳህኑን አስቀመጠ፣ ኮቱን አነሳ፣ ወጣ። ነገሩ ይኸው ነው።

አባባ ሁለት ወንበር ትቶልናል። ስታዲየሙ ውስጥ፣ ክፍል አሥራ ሁለት፣ አራተኛው ረድፍ፣ ጎን ለጎን። ማንም ሊለቅ አልፈለገም። በመጨረሻ አባ ግሬጎር ጣልቃ ገቡና ቀኑን አካፈሉን፤ ቀኑ ለሁለት ከተካፈለ የካዝ፣ ካልተካፈለ የእኔ። ስድስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዳችን ባዶ ወንበር አጠገብ ተቀምጠን ዳክዬዎቹ ሲሸነፉ አየን።

ስለ ዳክዬዎቹ ደግሞ ምን ልበላችሁ። አምስት ዓመት በተከታታይ በሊጉ መጨረሻ የተቀመጡ ናቸው። ባለፈው ዓመት ዘጠና አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል። የከተማችን ጋዜጣ ሌሎቹን ቡድኖች በየገጹ ሲተነትን ከርሞ ስለ እነሱ የጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ "ዳክዬዎቹ ዘንድሮም ይጫወታሉ።" ማንም አልተቃወመም።

የመክፈቻው ጨዋታ ማክሰኞ፣ ኤፕሪል ሰባት ነበር። የእኔ ቀን። ክረምቱን ሙሉ የጠበቅኩት ቀን። በዋዜማው ሐይቁ በረዶውን ጠራርጎ አመጣና ሜዳው ነጭ ሆነ፤ ጨዋታው ለረቡዕ፣ ለስምንት ተዛወረ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ስምንት የካዝ ቀን ነው። ግን መክፈቻው የእኔ ነው። ጨዋታው ቢዛወር መብቴ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም ብዬ ሁለት ሹራብ ደርቤ ሄድኩ። ካዝም ስምንት ስምንት ነው ብሎ መጣ። ስደርስ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ጉልበቱ ላይ ደብተር፣ ጆሮው ላይ እርሳስ፣ እንደ አባባ። ወደ ቤት መመለስ ሽንፈት መሰለኝ። ተቀመጥኩ። እሱም አልተነሳም።

ዘጠኙን ዙር ሙሉ ትንፍሽ አላልንም። መሃላችን ባለው የወንበር መደገፊያ ላይ የካዝ የኦቾሎኒ ከረጢት ነበር፤ አራተኛው ዙር ላይ እጄ ሳላስበው ገብቶ አንድ ፍሬ ወሰደ። አፈርኩ፤ ግን ከአፌ አላወጣሁትም። ዳክዬዎቹም አሸነፉ። ሁለት ለአንድ። ሁለተኛዋ ነጥብ የገባችው የእንግዶቹ ተጫዋች ኳሱን ሊቀልብ ሲሮጥ ሜዳው ላይ የሰፈረ የሐይቅ ወፍ አስደንግጦት በመውደቁ ነው። ቢሆንም ማሸነፍ ማሸነፍ ነው።

ማታ ስልኬ ጮኸ። ሎሬታ ሃስኪንስ ናት። ሎሬታ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ከኛ በስተኋላ፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ ጨዋታ ታያለች። በክፍል አሥራ ሁለት ያለ ንግሥት እሷ ናት። ነገ ሁለታችሁም ትመጣላችሁ አለችኝ። ነገ የእኔ ቀን ነው፣ እሱ ምን አገባው ስል አላስጨረሰችኝም። ዛሬ ያደረግነው ሁሉ ሳይነካ ይደገማል፤ ያው ኮፍያ፣ ያው ሹራብ፣ ያው ወንበር። ቡድን ሲያሸንፍ ካልሲ እንኳ እንደማይታጠብ የማያውቅ ሰው በኛ ከተማ የለም፤ እኔም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ክርክሬን ዋጥኩ። ለካዝም ደውላለት ኖሯል።

ሐሙስ ሁለታችንም መጣን። ዳክዬዎቹ አሸነፉ። አርብም አሸነፉ። ቅዳሜ ሦስተኛው ዙር ላይ የካዝ ክርን መደገፊያውን አልፎ ጎኔን ወጋኝ። ስድስት ዓመት የታመቀ ነገር ስላለኝ "ክርንህን ሰብስብ" ልለው አፌን ስከፍት የሎሬታ የሹራብ መርፌ ትከሻዬን ወጋ አደረገኝ።

"ታድ፣ ቃል እንዳታወጣ" አለች።

"ክርኑ እኮ..."

"ለእኔ የፈለግከውን አውራ። ለእሱ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ! ረቡዕ ተነጋግራችኋል?"

"አልተነጋገርንም።"

"እንግዲያው አታሟርትብን። ዳክዬዎቹ እስኪሸነፉ ድረስ ዝም።"

ኋላዬ ዞር ብዬ ሳይ ረድፉ ሁሉ፣ ሰባት ስምንት ሰው፣ ራሱን እየነቀነቀ ያየኛል። የክፍል አሥራ ሁለት ሕግ እንዲህ ጸና። ጎን ለጎን መቀመጥ፤ አራተኛው ዙር ላይ አንድ ኦቾሎኒ፤ ዝምታ። ለእኔ ደስታዬ ነበር። ማኩረፍ ስድስት ዓመት የሠለጠንኩበት ሥራ ነው፤ አሁን ደግሞ ለከተማዬ ጥቅም ሆነ።

በዚያ ሳምንት ስድስቱንም አሸነፉ፤ እሑድ በተደራቢ ሁለት ጨዋታ ሳይቀር። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሰው ሜዳ ሄደው ከስድስቱ አራቱን ተሸነፉ። ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው "ይኸው፣ ወደ ልካቸው ተመለሱ" ይል ነበር። የኛ ሰው ግን እንዲህ አላሰበም። ዶምብሮስኪዎቹ ባሉበት ያሸንፋሉ፣ በሌሉበት ይሸነፋሉ፤ ነገሩ ተረጋገጠ። ዳቦ ቤት ስገባ ሰው ወረፋውን ይለቅልኝ ጀመር። አንዱ የማላውቀው ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሞ እንዳልታመም፣ ጉንፋንም እንዳይዘኝ አደራ ብሎኛል። አባ ግሬጎር እንኳ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብለው፣ ዕርቅ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ትንሽ ብትቆዩስ አሉ። ቄስ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ቡድኑ ሲመለስ ስታዲየሙ ሞላ። ኦስቫልዶ የሚባለው ቁመቱ አጠር ያለ ወርዋሪያችን፣ የትኛውም ቡድን አልፈልገውም ያለው ልጅ፣ በአንድ ጨዋታ አሥራ አንድ መቺ ኳስ ሳያስነካ አስወጣ። እኔ ግን በዚያ ጨዋታ ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። የካዝ ደብተር ላይ።

በግራ በኩል አጥሩ ሥር የሚቆመው፣ ሰባት ቁጥሩ፣ ከፍ ያለች ኳስ ቀለበ። ካዝ "ስምንት" ብሎ ጻፈ። ተናደድኩ። የአባባ ልጅ ሆኖ ሰባትና ስምንትን መለየት ያቅተዋል? ሰነፍ፣ ድሮም ሰነፍ ነው አልኩ በልቤ። ቆይቶ ሌላ ተሳሳተ። ከዚያ ኦቾሎኒ ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ከረጢቱን ስቶ መደገፊያውን ዳበሰ። ቀስ ብዬ አየሁት። ኳስ ሲመታ ቀና አይልም፤ ሰው ከጮኸ በኋላ ነው ቀና የሚል። ካዝ ጨዋታውን እያየ አልነበረም። ሕዝቡን እየሰማ ነበር።

ምን እንደ ነካኝ አላውቅም። መደገፊያውን በጣቴ ሰባት ጊዜ ቆረቆርኩ። ካዝ ወደ እኔ አልዞረም። እርሳሱን ገልብጦ ስምንቱን አጠፋና ሰባት ጻፈ። በሚቀጥለው ምት ስድስት ጊዜ፣ ፋታ፣ ሦስት ጊዜ ቆረቆርኩ። ጻፈ። ኋላ ያለው ረድፍ ተንሾካሾከ፤ ነገሩ ለሎሬታ ፍርድ ቀረበ። ሎሬታ ሹራቧን አስቀምጣ አሰበችበት።

"ምላስ እስካልገባበት ይፈቀዳል" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ዓይን ሆንኩ፣ እሱ እጅ። ማንም ከጨዋታ ሲወጣ እቆረቁራለሁ፤ ኳስ ሳይነካ ለወጣ መቺ ቡጢዬን አንድ ጊዜ አሳርፋለሁ። ጥሩ ተባብረን ነበር። አንድ ጊዜ ስድስት፣ አራት፣ ሦስት ስቆረቁርለት በከንፈሩ ጥግ ፈገግ ሲል አየሁት፤ እኔም ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ ፈገግ አልኩ። ማንም እንዳያየኝ።

ቅዳሜ ዕለት፣ አሥራ አንደኛው ድል ከመድረሱ በፊት፣ ለሆት ዶግ ተሰልፌ ሳለ ሎሬታ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ነርስ ምስጢር አታወጣም፣ ጎረቤት ግን ታወጣለች ብላ ጀመረች። ካዝ ማክሰኞ ክሊቭላንድ ሆስፒታል ዓይኑን ቀዶ ጥገና ይደረጋል። ሊሳካ ይችላል፣ ላይሳካም ይችላል። ካልተሳካ የነገው ጨዋታ የሚያየው የመጨረሻው ነው፤ እሱም ማየት ከተባለ። ልጁ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች የሆስፒታሉ መኪና መጥቶ ይወስደዋል፤ ብቻውን ነው የሚሄደው።

ሆት ዶጉን ለማን እንደ ሰጠሁት አላስታውስም። አውቶቡስ ነጂው ወንድሜ ሰሞኑን በልጁ መኪና ሲመጣ ማየቴ ትዝ አለኝ፤ እኔ ተንደላቀቀ ብዬ ነበር።

"ላነጋግረው ይገባል" አልኳት።

"አነጋግረው። ግን ወንበሩ ላይ አይሆንም። ውጭ።"

ሞከርኩ። ከጨዋታው በኋላ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተልኩት። ልጁን እየጠበቀ ቆሟል። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። እሱም በድምፄ ሳይሆን በአረማመዴ አውቆኛል መሰለኝ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። አንድ ቃል አልመጣልኝም። ነገሩን የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል፤ በኛ ቤት ግን ወንዶች ፊት ለፊት ቆመው አይነጋገሩም። አባባ እናታችን መታመሟን የነገረን ሰባተኛው ዙር ላይ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል ነው። እኔ ላገባ መሆኔን ለካዝ የነገርኩት ወርዋሪ ሲቀየር ነው። ከወንበሩ ውጭ አንደበት የለንም። ልጁ መጣች፤ ሄደ። እኔ እዚያው ቆሜ ራሴን ሰደብኩ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። መናገር የምችለው ወንበሩ ላይ ብቻ ነው፤ ወንበሩ ላይ እንዳልናገር ደግሞ ከተማው በሙሉ ከልክሎኛል።

እሑድ ፀሐይ ወጣ። አራት ሺህ ሰው ገባ፤ ቢጫ የዳክዬ ኮፍያ ያላደረገ የለም። አንዱ ካርቶን ላይ "ዶምብሮስኪ ዝም!" ብሎ ጽፎ ይዞ መጥቷል። በሜዳቸው በተከታታይ አሥራ ሁለተኛውን ካሸነፉ በከተማይቱ ታሪክ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው ይላሉ። አራተኛው ዙር ላይ ኦቾሎኒዬን ወሰድኩ፤ ክፍሉ አጨበጨበ። ጣቴ እስኪያብጥ ቆረቆርኩ። ዘጠነኛው ዙር ሲገባ ዳክዬዎቹ ሦስት ለሁለት ይመራሉ። ኦስቫልዶ ሁለት ሰው አስወጣ። አንድ ብቻ ቀረ። የእንግዶቹ አንድ ሯጭ ሁለተኛው ቤዝ ላይ፣ ወደ ነጥብ በሚወስደው መንገድ አጋማሽ፣ ቆሟል። ሰው ሁሉ ተነስቷል፤ እኔና ካዝ ግን ረቡዕ ተቀምጠን ስለነበር ተቀምጠናል።

በዚህ መሃል ካዝ እርሳሱን ከጣቱ አውጥቶ፣ እጄን ፈልጎ ዳብሶ፣ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠው። ደብተሩንም ገፋ አድርጎ ጉልበቴ ላይ አሳረፈው። ገጹን አየሁት። ከሰባተኛው ዙር ወዲህ ቁጥሮቹ ከየሳጥናቸው ወጥተው አንዱ አንዱ ላይ ተደራርበዋል። የቆረቆርኩትን ሁሉ ጽፎታል፤ የት ላይ እንደሚጽፍ ግን አልታየውም። አንጀቴን በላው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ዓይነት ነገር ደረቴ ውስጥ መኖሩን ረስቼው ነበር።

"ካዝ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። "ማክሰኞ እኔ ነኝ የምወስድህ።"

ኋላችን የነበረው ጩኸት ቀጥ አለ። የሎሬታ መርፌ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ ሰማሁት። ካዝ ፊቱን ከሜዳው አላነሳም።

"ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው መነሳት ያለብኝ" አለ። ድምፁ ጎርነን ብሏል፤ ስድስት ዓመት ሳልሰማው አርጅቷል። "አንተ ደግሞ ማልደህ አትነሳም።"

"እነሳለሁ።"

"ተነስተህ አታውቅም።"

ያኔ ዱላው ጮኸ። እንዲህ ያለውን ድምፅ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ያውቀዋል። ኳሷ በግራ በኩል፣ ከሰባት ቁጥሩ ራስ በላይ፣ ከአጥሩ በላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው የመጀመሪያ ረድፍ በላይ ሄደች። ሯጩም መቺውም ገቡ፤ አራት ለሦስት ለእንግዶቹ። አራት ሺህ ሰው ትንፋሹን አጣ።

"ወጣች?" አለ ካዝ።

"ወጣች። የማን መኪና ላይ እንዳረፈች አላየሁም እንጂ ወጣች።"

"ጻፈው እንግዲህ።"

ጻፍኩ። ኋላችን ምን ይባል እንደነበር አልነግራችሁም፤ ሴቶችም ነበሩበት። የእንግዶቹ ቀጣይ መቺ ወጣና ዳክዬዎቹ ለመጨረሻው ዕድላቸው መምታት ጀመሩ። ስማችን አንዴ ስለጠፋ ዝም ብለን የምናተርፈው ነገር አልነበረም። አፌን ከፍቼ ለካዝ እያንዳንዱን ኳስ እተርክለት ጀመር፤ ዝቅ ያለች፣ ወደ ውጭ ያመለጠች፣ መቺው ዱላውን በባዶ የወዘወዘባት። የመጀመሪያው መቺያችን ሲወጣ ካዝ በመሃል ገባ።

"ደብተሩን ለምን እንደ ቀበርኩት ጠይቀኸኝ አታውቅም" አለ።

"ሌባ ስለሆንክ ነዋ።" ይህን ስል ግን ፈገግ ብዬ ነበር፤ እሱም አውቋል።

"የመጨረሻው ዓመት አባባ አያይም ነበር፣ ታድ። ይኸው የእኔው በሽታ። ሰው ሲጮህ ሰምቶ ዝም ብሎ ይጽፍ ነበር። ደብተሩ ውስጥ አንድም ትክክለኛ ገጽ የለም።"

እርሳሱ እጄ ላይ ቆመ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አደራ አለኝ። 'ሌላው ሁሉ ይየው፣ ታድ እንዳያየው' አለኝ። አንተ ፊት ስህተት መሥራት አይወድም ነበር። ማን ይወዳል?"

ሁለተኛው መቺ ወጣ፤ አልጻፍኩትም። አልቅሻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ስድስት ዓመት ሌባ ያልኩት ሰው የአባቴን አደራ ይዞ፣ በእኔ ምላስ እየተጠበሰ፣ አንድ ቃል ተናግሮ ነጻ መውጣት ሲችል ዝም ብሎ ኖሯል። ዝምታ ማለት እንግዲህ የእሱ ነው፤ የእኔስ ኩርፊያ ብቻ ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት። ይህንንም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ከዚህ በኋላ ምን ቀረና።

"ሁለተኛውን አልጻፍከውም" አለ ካዝ። "ምን ነበር?"

"አምስት፣ ሦስት።"

"ታዲያ ጻፈው።"

ለማወቅ የምትቸኩሉ ካላችሁ፣ ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ደጁ ነበርኩ፤ አምስቷን ደቂቃ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። አንደኛው ዓይኑ ድኗል፤ ሁለተኛው እንዳለ ነው። በአንዱ ዓይኑ ሰባትና ስምንትን ይለያል፤ ሲያሰኘው ደግሞ የማይለይ ይመስልና እኔን ያስቆረቁረኛል። ዳክዬዎቹ ይህን ስጽፍ ሁለተኛ ናቸው፤ ጋዜጣው ሙሉ ገጽ ሰጥቷቸዋል። አባ ግሬጎር የቀን ክፍፍላቸውን ቀደዱት።

ግን ወደዚያ እሑድ ልመልሳችሁ። ሦስተኛው መቺያችን ኳሷን በቀጥታ ለወርዋሪው መልሶ ሰጠ፤ አንድ፣ ሦስት፤ አለቀ። ተሸነፍን። ሰው ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። ወደ ክፍል አሥራ ሁለት ዞረ። ካርቶን የያዘው ሰውዬ ካርቶኑን እንደያዘ አራተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሎሬታ መርፌዋን ከሲሚንቶው አንስታ፣ በሁለቱ ረድፎች መሃል ወርዳ፣ ከፊታችን መጥታ ቆመች። ኋላ ላይ በሳቅ ልትሞት ደርሳ እንደ ነበር ነው የነገረችኝ፤ በዚያ ሰዓት ግን ፊቷ የሚያስቅ አልነበረም። መርፌዋን አንድ ጊዜ ወደ እኔ፣ አንድ ጊዜ ወደ ካዝ ጠቆመች።

"ማን ነው የጀመረው?" አለች።

ካዝ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው ነው። እኔም ገና አሁን ዕንባዬን የጠረግሁ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነኝ።

"እሱ ነው" አልን፣ ሁለታችንም እኩል፣ ጣታችንን እርስ በርስ እየቀሰርን።